ለመጨረሻ የቆየችው ሳህን

ኢማሙ በመቃብሩ ራስጌ ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ የወሎ ልጆች፣ ከዙሪክ በጠዋቱ ባቡር የመጡትም ጭምር፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል። አካፋ የያዙት ሁለቱ የሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ አንዱ ፖርቱጋላዊ፣ ሌላው ቱርክ። እኛ ሴቶቹ ከአጥሩ አጠገብ ነበርን። ወይዘሮ ዘሀራ ከመካከል፣ ልጃቸው ሀያት በቀኛቸው፣ እኔ ከሁሉም ኋላ፣ ከበሩ ትንሽ ገባ ብዬ። ወደ ኋላ የቀረሁት ክርስቲያን ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። የተኩስ ክለቡ ሰዎች አምስት ነበሩ። ከወንዶቹ ጋር ይቁሙ ወይስ ከሴቶቹ ጋር የነገራቸው ሰው ስላልነበረ በመካከላችን ካለው ዛፍ ሥር ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ተሰልፈዋል። ከፊታቸው የቆሙት የክለቡ ጸሐፊ ሙሴ ርኔ ነበሩ።

ጋሽ ይመርን ጄኔቫ ላይ እንዲህ ቀበርናቸው። የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ጥቂት የቀራቸው ጊዜ ነበር።

ጋሽ ይመር አገር ቤት ሳሉ የፖሊስ መቶ አለቃ ነበሩ። ሃያ ዓመት ያህል ለምልምሎች የሽጉጥ ተኩስ አስተምረዋል። እዚህ ሲመጡ ያገኙት ሥራ ግን ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ ማጠብና መተኮስ ነው። ሰው ስለ ሥራቸው ሲጠይቃቸው «ተኩስ አልተውኩም፤ አሁን አንሶላ ነው የምተኩሰው» ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ ፊታቸው አይስቅም። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ በሐምሌም የማይከፍቱ ሰው ነበሩ።

ወደ ተኩስ ሜዳው ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ አንድ ዲፕሎማት ቤት ምግብ አብሳይ ነበርኩ። እሑድ እሑድ ዕረፍቴ ነው። በዚያ ቀን ከከተማ ወጣ ብሎ የጠጠር ማውጫ በነበረ ጉድጓድ ውስጥ ያለ የተኩስ ክለብ ሄጄ፣ አንዲት ባልቴት የምታስተዳድራት ቡቬት፣ ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ ሾርባና ቋሊማ አቀርብ ነበር። የመኖሪያ ካርዴ የሚፈቅድልኝ በዲፕሎማቱ ሚስት፣ በማዳም ቤት ብቻ እንድሠራ ነው። ስለዚህ ለማንም አላወራም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ኦኔ በሚባለው የጄኔቫ ሰፈር ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ከአጠገቤ ላለች ሴት ስናገር ጋሽ ይመር ሰሙኝ።

«የምን ተኩስ ነው?» አሉ፣ ብርጭቆውን አስቀምጠው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ። እየሮጡ ነው የሚተኩሱት።»

«እየሮጡ? ማን እያባረራቸው?»

ለቅሶ ቤቱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። በማግስቱ እሑድ ከራባታቸውን አስረው መጡ፤ እስከ ቀትር ድረስ ከገመዱ ኋላ ቆመው አዩ።

ያ ተኩስ አንድ ቦታ ቆሞ አንድ ዒላማ የሚመታበት አይደለም። ከእንጨትና ከሸራ ግድግዳ ይሠራሉ፤ በርና መስኮት ያወጡለታል። የካርቶን ዒላማዎችና የብረት ሳህኖች እዚህም እዚያም ይቆማሉ። አንዲት ትንሽ ሳጥን ትጮሃለች። ተኳሹ ሽጉጡን ከአፎቱ መዝዞ፣ ከመስኮት መስኮት እየሄደ፣ ካዝና እየቀየረ ሁሉንም ይመታል። ያገኘው ነጥብ ለፈጀው ሰከንድ ይካፈላል። ፈጥኖ የሚስትም አያሸንፍም፤ ሳይስት የሚዘገይም አያሸንፍም።

ጋሽ ይመር የመጀመሪያዎቹን ወራት የሌላውን ሰው ቀለህ ሲለቅሙ አሳለፉ። እየለቀሙ የተኳሾቹን እግር ያያሉ። ፈቃዳቸው ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ መስመር ላይ የቆሙ ዕለት ግን ሃያ ዓመት ያስተማሩትን አደረጉ። ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ግራ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ፣ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ እያንዳንዱን ዒላማ በየተራ በትክክል መሐሉን መቱ። ከሁሉም መጨረሻ ወጡ።

ፊሊፕ የሚባል አንድ ጎረምሳ የባንክ ሠራተኛ ነበር። «ኮሎኔል! ለሐውልት ነው እንዴ የቆሙት?» ብሎ ጮኸባቸው።

«መቶ አለቃ ነበርኩ» አሉት በዚያ በተሰባበረ ፈረንሳይኛቸው። «ስዊስ አገር ሹመት ፈጣን ነው።»

ከዚያ ወዲህ ክለቡ ውስጥ ስማቸው ኮሎኔል ሆነ። ሾርባቸውን ሊወስዱ ወደ መስኮቴ ሲመጡ ግን ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም።

«አስካለ፣ ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ለቆመ ሰው ነበር።»

«እንግዲያማ ቢተዉትስ፣ ጋሼ? በዚህ ዕድሜ መሮጥ ምን ያደርግልዎታል?»

«እንዴት እተወዋለሁ? ገና አሁን እኮ ነው ያላወቅሁትን ያወቅሁት።»

ያወቁትን መርሳት አዲስ ነገር ከመማር እንደሚከብድ ያየሁት በእሳቸው ነው። ኦኔ ባለው ቤታቸው ማታ ከሥራ መልስ ሽጉጡን ባዶ አድርገው፣ ጥይቱን በሙሉ ለወይዘሮ ዘሀራ አስረክበው፣ መኝታ ቤት ገብተው ቁም ሳጥኑ ላይ ያነጣጥሩ ነበር። በሽጉጡ አናት ላይ ሳንቲም ያስቀምጣሉ። ሳንቲሙ ሳይወድቅ ምላጩን መሳብ አለባቸው። ሀያት ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ቢሆናት ነው፤ አልጋው ላይ ተቀምጣ የወደቀውን ትቆጥራለች።

«ታንት አስካለ፣ ፓፓ ዛሬ ሁለቴ ብቻ ጣለ!» ትለኛለች ስሄድ።

«የሌላው ባል ቴሌቪዥን ያያል» ይላሉ ወይዘሮ ዘሀራ። «የእኔ ቁም ሳጥን ያስፈራራል።»

«ቁም ሳጥኑም እኮ እስከ ዛሬ እጁን አልሰጠም» ይሏቸዋል ጋሽ ይመር።

ሽጉጥ በሌለበትም ይለማመዱ ነበር። የሆቴሉ ፖርቱጋላዊ እንደነገረኝ አንሶላ ሲያጥፉ እንኳ እጃቸው አንድ ነገር እየቀነሰ ይሄድ ነበር፤ ሰው በአምስት እንቅስቃሴ የሚያጥፈውን እሳቸው በሦስት። እኔም አንድ ቀን ስለዚሁ ጠየቅኋቸው። ጎረምሶቹ ሁሉ እንዴት እንፍጠን ሲሉ እሳቸው ግን ዘግየት ብለው የሚለማመዱት ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

«ፍጥነት የሚጨመር ነገር አይደለም» አሉኝ። «ትርፉን ስትቀንሺ የሚተርፍሽ ነው። እኔ እጄ ወደ አፎቱ ሲሄድ ክርኔ ያለ ጉዳይ ይነሣል። ትከሻዬ ያለ ጉዳይ ይነሣል። እነዚያን ካስቀመጥኩ ሌላ ምን እጨምራለሁ?»

ከንግግራቸው ሁሉ ብዙ ጊዜ የሰማሁት «የወጣ ጥይት ያንተ አይደለም» የሚለውን ነው። ይህን የሚሉት ለፊሊፕ ነበር። ፊሊፕ ከሁሉም ይፈጥናል። አንድ ሳህን ሲስት ግን ይናደዳል፤ በንዴቱ ሁለተኛውን ይስታል፤ ከዚያ የት እንደነበረ ራሱ ይጠፋበታል። አንድ እሑድ ሽጉጡን አስቀምጦ ቡቬቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲሳደብ ጋሽ ይመር ሾርባቸውን ይዘው አጠገቡ ቆሙ።

«ተነሥ። ባዶ እጅህን ና።»

«ኮሎኔል፣ ዛሬ ይተዉኝ።»

«ተነሥ ነው የምልህ።»

ወሰዱትና መነሻው ላይ አቆሙት። ዓይኑን እንዲጨፍን አደረጉ። «አሁን ሳጥኗ ጮኸች። መጀመሪያ ማንን ታያለህ?» ፊሊፕ ነገራቸው። «ቀጥሎስ?» ነገራቸው። «ካዝና የምትቀይረው እግርህ የት ሲደርስ ነው?» ግንባሩን ቋጠረ። «የትኛው እግርህ ነው መጀመሪያ የሚነሣው?» ዓይኑን ገልጦ እግሮቹን አየ። «አየህ፣ አንተ የምትስተው በሽጉጡ አይደለም። ሽጉጡ ደርሷል፤ አንተ ገና መንገድ ላይ ነህ።» ዐሥር ጊዜ ያህል ባዶ እጁን አስኬዱት። ማታ ላይ ሲተኩስ አንድ ሳህን ሳተ፤ አላያትም፤ አለፋት፤ ቀሪዎቹን ሁሉ ጣለ፤ ተመልሶ ያችን መታ። መጥቶ የጋሽ ይመርን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ኮሎኔል የሚለውን መጠሪያ ባይተውም በዚያ ስም መቀለድን ግን ተወ።

ይህን ሁሉ ዕቃ እያጠብኩ እሰማ ነበር። ማዳም ቤት ለብዙ እንግዳ ራት ሲዘጋጅ ምድጃውን ከመለኮሴ በፊት ወጥ ቤቱ መካከል ዓይኔን ጨፍኜ እቆም ጀመር፤ መጀመሪያ ምን፣ ቀጥሎ ምን፣ እጄ ባዶ የሚሆነው መቼ ብዬ። ማዳም የምጸልይ ይመስላት ነበር።

ሙሴ ርኔ ይህን ሁሉ ያዩ ነበር። ዝምተኛ፣ የተጻፈ ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው። ክለቡ ለጀማሪዎች ትምህርት ሁለተኛ ሞኒተር፣ ማለት አሠልጣኝ፣ ይፈልግ ነበር። አንድ እሑድ ቡቬቱ ውስጥ እኔ ፊት ለጋሽ ይመር እንዲህ አሏቸው፦ «ኮሚቴው ወረቀት ይፈልጋል። የዙሪኩን ውድድር ያለ ጥፋት ይጨርሱ፤ ስንተኛ ቢወጡ ግድ የለኝም። ከዚያ ስምዎን የማቀርበው እኔ ነኝ።»

ጋሽ ይመር ያን ቀን ሾርባቸውን አልጨረሱም።

«መምህር ሊሉኝ ነው፣ አስካለ» አሉኝ። «ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ‘እንዴት ነው?’ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ‘ስንት አጠፍክ?’ ነው የሚሉኝ።»

 ከዚያ ዕለት ጀምሮ በሳምንት ሁለቴ የሚሄዱትን አራቴ መሄድ ጀመሩ።

ለዙሪኩ ውድድር ክለቡ የራሱን ምግብ ይዞ ይሄድ ነበርና ባልቴቲቱ እኔን ላከችኝ። ለማዳም ዙሪክ የታመመች ዘመድ ልጠይቅ ነው አልኳት። ጋሽ ይመርና እኔ አንድ ባቡር ውስጥ ተቀመጥን። መንገዱን ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። አላናገርኳቸውም።

የተኩስ ሜዳው ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ካለችው ከኦፕፊኮን አለፍ ብሎ ነበር። አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ከራሳችን በላይ ያልፋሉ። የሚያልፍ ሲኖር ዳኛው ሳጥኗን ሳያስጮህ ይጠብቃል። ጋሽ ይመር እስከ ቀትር ከስድስቱ የውድድር ሜዳዎች አምስቱን ጨረሱ። አንድም ሳህን ቆሞ አልቀረባቸውም። ፊሊፕ እየመጣ ለእኔ «ኮሎኔሉ ዛሬ ጎረምሳ ነው» ይለኛል። ስድስተኛው የመጨረሻው ነበር።

እዚያም እንደ ልማዳቸው አስቀድመው ባዶ እጃቸውን ተመላለሱ። ወደ ግራው መስኮት ሄደው ቆሙ፣ ወደ ቀኙ ሄደው ቆሙ፣ ተመለሱ። ከበርሜሎቹ ኋላ አንዲት ትንሽ ሳህን ነበረች፤ ከእኔ ቦታ ግማሿ ነው የሚታየው። ገመዱን ይዤ ቆሜ ነበር። ሙሴ ርኔ ከእኔ ራቅ ብለው በሌላው ጫፍ ነበሩ፤ አንድ አውሮፕላንም በሩቁ እየመጣ ነበር።

ሳጥኗ ጮኸች። እንደዚያ ሲንቀሳቀሱ ከዚያ በፊት አላየኋቸውም። ችኮላ የሚመስል ነገር አልነበረባቸውም፤ ግን ሳህኖቹ አንዱ ሳይወድቅ ሌላው ይወድቃል። በግራው መስኮት ጨረሱ። ትንሿ ሳህን ቆማለች። ተዉዋት፤ ወደ ቀኝ ሄዱ። እየሄዱ ካዝና ቀየሩ። በቀኙ መስኮት ሁለቱን ካርቶኖች መቱ። ሳህኗ አሁንም ቆማለች። አንድ አፍታ መተኮሱን ገታ አድርገው እግራቸውን አስተካከሉ።

የረሷት መሰለኝ። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ማታ፣ አንዲት ሳህን ረስተው ሊጨርሱ ነው ብዬ አሰብኩ። መስመር ላይ ላለ ሰው መናገር እንደማይፈቀድ አውቃለሁ። ሦስት ዓመት እዚያ ሾርባ አቅርቤያለሁ፤ አላውቅም ማለት አልችልም። እኔ ድምፄን ከፍ የማደርግ ሰው አይደለሁም። እናቴ ሞታ እንኳ አልጮህኩም።

«ጋሽ ይመር!» ብዬ ጮህኩ።

ዞሩ። በአንገታቸው አይደለም፣ በመላ አካላቸው ዞሩ። «አቤት» አሉ።

ሽጉጡ በሁለት እጃቸው ነበር። ጣታቸው ከምላጩ ውጭ፣ በሽጉጡ ጎን ላይ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ይህን አይቻለሁ። ግን አፈሙዙ ከትከሻቸው መስመር ወደ ኋላ አልፎ፣ ሰው ወደ ቆመበት፣ ወደ እኛ ዞሯል። በዚያ ተኩስ ሕጉ አንድ ነው። አፈሙዝ ወደ ኋላ ካለፈ ሰውየው በዚያው ይሰናበታል። ጥይት ነበረው ወይም አልነበረውም፣ ጣቱ የት ነበር፣ አይጠየቅም። ማንም ቢሆን።

«ሽቶፕ!» አለ ዳኛው።

ጋሽ ይመር ወዲያው ወደ ዒላማው ተመለሱ። ሽጉጡን ባዶ አድርገው አሳዩ፤ ወደ አፎቱ መለሱ።  የውድድሩ ኃላፊ፣ ጸጉራቸው የነጣ አንድ የዙሪክ ሰው፣ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። ሙሴ ርኔም ከዚያኛው ጫፍ ገመዱን አልፈው መጡ። ኃላፊው ፈረንሳይኛቸው በጀርመንኛ የታሸ ነበር፤ ግን ሁሉም ቃል ይሰማኝ ነበር።

«ጩኸት ሰምቻለሁ» አሉ። «የጠራዎት ሰው አለ?»

ጋሽ ይመር የአፎታቸውን ማሰሪያ አስተካከሉ።

«ስንብቱን አልሽረውም። የጠራዎት ካለ ግን እጽፈዋለሁ፤ ክለብዎ ለምን እንደዞሩ እንዲያውቅ። ማን ነው?»

«ማንም አልጠራኝም።»

«ታዲያ ለምን ዞሩ?»

«እንጃ» አሉ ጋሽ ይመር።

ሽማግሌው ብዕራቸውን ይዘው ጠበቁ። ሙሴ ርኔም ጠበቁ። እኔ ስምንት እርምጃ ያህል ርቄ ነበርኩ። ጋሽ ይመር አንዴም ወደ እኔ አላዩም። ለመናገር የሚያስፈልገኝን ፈረንሳይኛ አውቅ ነበር፤ አጭር ነው። ስሜ ወረቀት ላይ ሲጻፍ፣ ያ ወረቀት ጄኔቫ ሲደርስ፣ ካርዴን ሲጠይቁኝ፣ ማዳም የት እንደነበርኩ ስትሰማ ታየኝ። ገመዱን እንደያዝኩ ቆየሁ። ሽማግሌው ጻፉ። አንድ መስመር እንኳ የሚሞላ አልነበረም።

በመመለሻው ባቡር የበርን ከተማን አለፍን። ከዚያ «ጋሽ ይመር፣ እኔ…» አልኩ።

«ተይው። የወረቀትሽን ነገር አውቃለሁ።»

«ሄጄ ለሙሴ ርኔ ልናገር።»

«ተይው ብያለሁ።» ቀጥለውም «ሳህኗን አይተሽ ነው፣ አይደል?» አሉኝ።

«የረሷት መስሎኝ።»

«ለመጨረሻ ነበር ያቆየኋት። ከቀኙ መስኮት ሙሉዋን ትታያለች።» በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነው የሚናገሩት። «አባቴ ‘የጠራህን ሰው በጀርባህ አትመልስለት’ ብለው ገርፈውኛል። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ምልምሎችን ‘መስመር ላይ ሳለህ አባትህም ቢጠራህ አትስማ’ እያልኩ አስተማርኩ። ዛሬ አባቴ ቀደሙኝ።»

ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ ስለ ሀያት ትምህርት ቤት ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም መለሱልኝ። እንዲያ እንዲያ እያልን ጄኔቫ ደረስን።

ኮሚቴው ትሑት ደብዳቤ ጻፈላቸው። መስመር ላይ ያለ ምክንያት የዞረ ሰው ለጀማሪ አፈሙዝ ወዴት እንደሚዞር ሊያስተምር እንዴት ይችላል የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ሌላ ሰው ሞኒተር ሆነ። ጋሽ ይመር ለጥቂት እሑዶች መጥተው ቀለህ ለቀሙ። ከዚያ አልመጡም። ፊሊፕ ሁለት ጊዜ ኦኔ ድረስ ሄዶ ለምኗቸው ነበር። ሻይ አጠጥተው ሸኙት።

ሙሴ ርኔ በየእሑዱ ወደ መስኮቴ ይመጡ ነበር። ቡና አቀርብላቸዋለሁ፤ አመስግነው ይሄዳሉ። የመጀመሪያውን ዓመት የፈራሁት ለካርዴ ነው። ከዚያ ማዳምና ባሏ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። እኔ እዚያው ጄኔቫ፣ ካሩዥ ሰፈር ውስጥ አረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ገባሁ፤ ፈቃዴም ተለወጠ፤ የትም ብሠራ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የምፈራው ነገር አልነበረኝም። ቢሆንም አልተናገርኩም። አንድ ነገር ሳይነገር ሲቆይ ለመናገር ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ነገሩን መናገር አለ፤ ለምን እስካሁን ዝም እንዳልኩ መናገር አለ። ሁለተኛው አቃተኝ።

ጋሽ ይመርን አልፎ አልፎ ትራም ላይ አገኛቸው ነበር። ሁልጊዜ ከመቀመጫቸው ይነሡልኛል። በመጨረሻው ዓመት መንገዱን እያወቁትም ሥራ ቦታ ድረስ ሀያት ታደርሳቸው ነበር፤ ብቻቸውን መውጣት ትተዋል ተባለ። ልባቸው ታሞ ነበር። አንድ ቀን ሆቴሉ ምድር ቤት አንሶላው መካከል እንደወደቁ አልተነሡም።

ቀብሩ አልቆ ወንዶቹ መበተን ሲጀምሩ ሙሴ ርኔ ወደ እኛ መጡ። የወይዘሮ ዘሀራን እጅ ለመጨበጥ እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት፤ ደረታቸው ላይ አደረጉት። በፈረንሳይኛ ተናገሩ። ሀያት ለእናቷ ትተረጉማለች።

«ኡሚ፣ ፓፓን በጣም… በጣም ያከብረው ነበር ይላል። ጥሩ ፕሮፍ… አስተማሪ ይሆን ነበር ይላል። ግን ዙሪክ ያን ቀን ለምን እንደዞረ… እስከ ዛሬ ያስባል። አልገባውም።»

ወይዘሮ ዘሀራ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እርጅና ነው በይው። ራሱ ነው የነገረኝ። ‘ዘሀራ፣ አርጅቻለሁ፣ ልብ አላልኩም’ ነው ያለኝ።»

ሀያት ይህን ለሙሴ ርኔ ነገረቻቸው። ሙሴ ርኔ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የጎደለ ወረቀት እንደ ተሟላላቸው ሰው።

«የጠራኋቸው እኔ ነኝ» አልኳቸው በፈረንሳይኛ። «የዞሩት እኔ ስለጠራኋቸው ነው።»

ሙሴ ርኔ አዩኝ። «ማዳም» አሉ። «አንድ መስመር ብቻ ነበር እኮ የሚያስፈልገኝ።» 

«ምን አለችው?» አሉ ወይዘሮ ዘሀራ። ሀያት አልተረጎመችም። «ምን አለችው ነው የምልሽ?»

በአማርኛም እኔው ነገርኳቸው። ስለ ሳህኗ፣ ስለ ጩኸቴ፣ ማንም አልጠራኝም እንዳሉ፣ እኔም ቆሜ እንደሰማሁ።

«አንቺ መሆንሽን ያውቃል?»

«ያውቃሉ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«አዎ።»

ወይዘሮ ዘሀራ ሻርፓቸውን ከትከሻቸው አንሥተው እንደገና አደረጉት። ዓይናቸው እኔ ላይ አልነበረም፤ ሰዎቹ አፈር ወደሚመልሱበት ነበር።

«እኔ እኮ አርጅተሃል ብዬ ነው ያስተውኩት» አሉ። «ሽጉጡን አስወግድ፣ የሰው ነፍስ ታጠፋለህ እያልኩ። በየቀኑ። እሺ ብቻ ነበር የሚለኝ።»

ሀያት የእናቷን ክንድ ያዘች። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና በበሩ ወጣሁ።